አገር ስጠኝ

ሐሙስ ማታ ማታ፣ ሳይረን ባይጮህም፣
ሚክላት እንወርዳለን፤ ፈርተን ግን አይደለም።
የቦምብ መሸሸጊያው፣ ከኪርያት ጋት ወዲያ፣
ቤተ መጻሕፍት ሆኗል፣ የመንደር መዋያ።

ማዳም ፍሬሃ ትመጣለች፣ የጫማ ካርቶን አቅፋ፣
ሊቃጠል ከነበረ መዝገብ፣ በሁለት እጇ አትርፋ፤
ደረሰኝ፣ የአቤቱታ ደብዳቤ፣ ጀርባው የተጻፈ ፎቶ፣
የሞተች በቅሎ ካሣ፣ ማን ስንት ዱናም አግኝቶ።
«ቦታው የት ነው?» ትላለች። ጨዋታው ይኸው።
ያወቀ ካርዱን ይወስዳል፤ የሳተ ሻይ ያፍላው።

እኔ ሌላ ሕግ አውቃለሁ።
«እንቆቅልህ»፣ «ምን አውቅልህ»፤ በልጅነቴ፣ ወገራ፣
ያልመለሰ አገር ይሰጣል፤ ምን ቸገረው፣ ምን ሊፈራ?
ደምቢያን ሰጥቻለሁ እኔ፣ ጎጃምን ከነጤፉ፣
ሸዋን ለአንድ እንቁላል፣ ሰሜንን ከነጫፉ።
ርስት የሌለው ያባቴ ልጅ፣ በቃል ብቻ ሳድል፣
አፌ እንደ ንጉሥ ነበር፤ አገር ስሰጥ ሳልጎድል።

የመጀመሪያው ካርድ፦
«አርባ ሁለት ድንኳን፣ አንድ ቧንቧ። ሴቶቹ ተጣሉ። ፖሊስ አልመጣም።»
«ባሕር ዛፎቹ ዘንድ!» አለ ናፍታሊ፣ የዶሮ እርባታው ጌታ።
«ልክ። ባልዲ ያነሳችው እናቴ ናት፣ ከካዛብላንካ መጥታ።»

ሁለተኛው፦
«ትራክተሩ ጭቃ ውስጥ ሦስት ቀን ቆመ። ወንዝ የለም ተብለን ነበር።»
«ከድልድዩ በታች» አለች ልጄ ቴሂላ፣ ከስልኳ ቀና ሳትል።
እዚህ የተወለደ እግር ጭቃውን ያውቃል፣ ሳይማር።

ሦስተኛውን ስታወጣ ፍሬሃ መነጽሯን ጠረገች።
ወረቀቱ ቢጫ፣ ጽሑፉ ዐረብኛ፤ ቀስ ብላ አነበበች፦
«ከአውድማው አሥራ ሁለት እርምጃ፣ ጉድጓድ።
ጥላው የቁርቁራ።
ለመንገደኛ ውሃ አይሸጥም።»

ዝም አልን። ናፍታሊ ኮረብታውን አለ፤ አይደለም።
አንዱ መቃብር ስፍራውን፤ እዚያ ቁርቁራ የለም።
ቁርቁራን እኔ አውቀዋለሁ፤ እሾሁ ቆላ ላይ ወግቶኛል፤
ሠላሳ ዓመት በዚህ መንደር፣ ጥላው መች አግኝቶኛል?

መሰላል ላይ ቆሞ ነበር፣ አምፖል ሊቀይር የመጣ፣
ዓዋድ፣ የራሃቱ ኤሌክትሪሺያን፤ ድምፁ ከላይ ወጣ፦
«ተቀምጣችሁበታል።»

አልጮኸም። ሽቦውን ጠምዝዞ ጨረሰ።
«አያቴ ትለው ነበር። ቆፋሪ ሰነፍ ነው፤
ሚክላት ቆፍር ሲሉት፣ ቀድሞ የተቆፈረ ይፈልጋል።»

ወለሉን አየነው፣ ሁላችንም፣ እንደ አዲስ።

ሕግ ሕግ ነው። ተሸንፈናል።
አፌን ከፈትኩ። ደምቢያ መጣ፣ ሰሜን መጣ፣ ምላሴ ጫፍ ቆመ፤
የሰጡትን ደግሞ መስጠት፣ የት ተሰማ፣ ማን ደገመ?
ይህኛውንስ? የኔ ነው ወይ፣ ዛሬ ተነሥቼ ለመስጠት?
ቴሂላ ስልኳን ዘግታለች፣ ምን እንደምል ለመስማት።

ዓዋድ ከመሰላሉ ወረደ። «አገር ስጠኝ» ማለትን
ማን ሊያስተምረው? እሱ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣
«ጉሮሮዬ ደርቋል» አለ፣
«ውሃ ስጡኝ፣ ካለ።»

ሻዩ ተረስቶ ነበር። ከቧንቧው ቀዳሁለት። ቆሞ ጠጣ።
ብርጭቆውን ካርታው ላይ አኖረ፣ ሂሳቡን ጻፈ፦
መቶ ስልሳ ሸቀል፣ አምፖሉን ጨምሮ።
ፍሬሃ ከፈለች። ካርዱንም ሰጠችው፤ ያወቀ ይወስዳል።
ሁለት ጊዜ አጥፎ በሸሚዝ ኪሱ ከተተው፣
መሰላሉን ተሸክሞ ደረጃውን ወጣ።

ብርጭቆውን አነሣሁት።
መንደራችን ላይ ቀለበት ቀረ፣ በአዲሱ አምፖል የሚያብረቀርቅ።
ናፍታሊ በእጅጌው ሊጠርግ ሲል፣ «ተወው» አልኩት፣ «ራሱ ይድረቅ።»